የእርሻ መሬት ዋጋ መለያየትና የክርስቲያን ሕሊና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በገጠር የሚያገለግል ካህን ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ ሁለት ሰዎች ከቅጽሩ ውጭ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ካህኑን ይጠብቃሉ። አንደኛው መሬቱን ለጥቂት ዓመታት ሊያከራይ፣ ሁለተኛው ሊከራይ ተስማምተዋል። ውሉ ተጽፏል፤ ዋጋው ተቈርጧል፤ የቀረው የምስክር ፊርማ ነው። «አባታችን፣ እርስዎ ይፈርሙልን» ይሉታል። ካህኑም ብዙ ጊዜ «ተስማምታችኋልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎን፣ ተስማምተናል» ሲሉት ይፈርማል፤ ይባርካቸዋል፤ ወደ ቤቱም ይሄዳል።

ዳሩ ግን በዚህ አጭር ጥያቄና በዚህ አጭር መልስ መካከል አንድ ታላቅ ነገር ሳይመረመር ይቀራል። ይኸውም፦ ሁለት ሰዎች የተስማሙበት ዋጋ ሁሉ የቀና ዋጋ ነውን? ስፋቱ አንድ የሆነ፣ ፍሬውም የሚተካከል መሬት በአንዱ አገር በብዙ፣ በሌላው አገር በጥቂት ገንዘብ ሲሰጥ፣ በመካከል ያለው ልዩነት የማን ነው? ያንን ልዩነት ዐውቆ የሚጠቀምበት ሰውስ እንደ ነጋዴ ይቈጠራል ወይስ እንደ ቀማኛ? ይህ ጥያቄ የገበያ ሰዎች ብቻ የሚመልሱት አይደለም። ኑዛዜ የሚቀበል ካህንም፣ ሥጋውን ደሙን ለመቀበል የሚዘጋጅ ምእመንም ሊመረምረው ይገባል። ስለዚህ በመጀመሪያ የዋጋው መለያየት ከምን እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መሬት ዋጋ ምን እንደሚያሳዩን፣ ከዚያም በአገራችን የሆነውን፣ በመጨረሻም ዛሬ ከእኛ የሚፈለገውን በየተራ እንመለከታለን።

የእርሻ መሬት ዋጋ ከስፍራ ስፍራ እጅግ መለያየቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔዘርላንድ አንድ ሄክታር የሚታረስ መሬት በአማካይ ከ80 ሺሕ ዩሮ በላይ ሲሸጥ፣ በክሮኤሽያ ከ5 ሺሕ ዩሮ በታች ነበር። ሁለቱም በአንድ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያሉ፣ በአንድ ገንዘብም ለመገበያየት የተስማሙ አገሮች ናቸው። ዋጋ ከስፍራ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ከዘመን ዘመንም ይለዋወጣል። በአሜሪካ አዮዋ በሚባለው ክፍለ ግዛት አንድ ኤከር የእርሻ መሬት እ.ኤ.አ. በ1981 በአማካይ 2,147 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ1986 ወደ 787 ዶላር ወረደ፤ በ2023 ደግሞ 11,835 ዶላር ደረሰ። በእነዚያ 5 ዓመታት አፈሩ አልተሸረሸረም፤ ዝናሙም አልቆመም። የተለወጠው የእህል ገበያና የብድር ወለድ ነው። ዋጋው ሲወጣ አይቶ ተጨማሪ መሬት ለመግዛት በብድር የገባ ገበሬ ብዙ ነበር፤ ዋጋው ሲወርድ ግን ዕዳው ስላልወረደ፣ አባቱ ያወረሰውን እርሻ ጭምር በሐራጅ አጣ። እንግዲህ የመሬት ዋጋ ማለት የመሬቱ የራሱ ባሕርይ አይደለም፤ ሰዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ ስለ መሬቱ ያላቸው ተስፋና ፍርሃት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጡት ነገሮች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ከፍጥረት የሚገኝ ነው፤ ይኸውም አፈሩ፣ ዝናሙ፣ ምንጩ፣ የደጋውና የቈላው አየር ነው። ይህን የሠራ ባለመሬት የለም። ዳዊት ሪካርዶ የተባለው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመሬት ኪራይ የሚነሣው ለሙ መሬት ከጠፉ መሬት በፍሬ ስለሚበልጥ ነው ሲል አስረድቷል። እንዲህ ከሆነ ለም መሬት የያዘ ሰው በኪራይ የሚቀበለው ትርፍ ከድካሙ የመጣ ሳይሆን ከዕጣው የመጣ ነው።

ሁለተኛው ከሰው ድካም የሚገኝ ነው። የኮንሶ ሰዎች በዳገት ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው የሠሩት እርከን ለዚህ ምስክር ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ ተራራ ላይ አፈሩን የያዘው የብዙ ትውልድ ክንድ ነው። ድንጋይ የለቀመ፣ ውኃ የጠለፈ፣ ፍግ ያፈሰሰ፣ አጥር ያጠረ ሰው መሬቱን ከተቀበለው የተሻለ አድርጎታልና የድካሙን ዋጋ ቢጠይቅ እውነት አለው።

ሦስተኛው ከጎረቤት የሚገኝ ነው። መንገድ ሲሠራ፣ ገበያ ሲቆም፣ ከተማ ሲሰፋ፣ ሰላም ሲጸና፣ መሬቱ ሳይነካ ዋጋው ይጨምራል። ባለመሬቱ ተኝቶ ያድራል፤ ሲነቃ ባለጸጋ ሆኗል። በአንጻሩ መንገድ በራቀበት፣ ሽፍታ በበዛበት አገር የሚኖር ገበሬ ቢደክምም መሬቱ ርካሽ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ከሦስቱ ምክንያቶች የባለመሬቱ የራሱ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። አንደኛው የእግዚአብሔር ስጦታ፣ ሦስተኛው የማኅበረ ሰቡ ሥራ ነው። ሰው ግን ዋጋውን ሲቀበል ሦስቱንም «የእኔ» ብሎ ይቀበላል። የሕሊና ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። መጽሐፍ ቅዱስ የመሬት ዋጋን ደጋግሞ መዝግቦልናል። አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበትን እርሻና ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ (ዘፍ. 23)። ንጉሥ ዘንበሪ የሰማርያን ተራራ በሁለት መክሊት ብር ገዛ (1ኛ ነገ. 16)። ዳዊት የኦርናን አውድማና በሬዎች በ50 ሰቅል ብር ገዛ (2ኛ ሳሙ. 24)፤ በዜና መዋዕል ስለ ስፍራው ሁሉ 600 ሰቅል ወርቅ እንደ ሰጠ ተጽፏል (1ኛ ዜና 21)። ኤርምያስ በዓናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ በ17 ሰቅል ብር ገዛ (ኤር. 32)።

እነዚህን አራት ዋጋዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይገለጥልናል። ኤፍሮን አስቀድሞ በሕዝብ ፊት «በነጻ ልስጥህ» አለ፤ ቀጥሎ ግን 400 ሰቅልን እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርጎ ጠራ። አብርሃም በመጻተኛነቱና በኀዘኑ ምክንያት መከራከር የማይችል መሆኑን ዐውቋልና። አብርሃምም ሳይከራከር መዝኖ ሰጠ። ኤርምያስ ደግሞ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ እርሱም በግዞት ቤት ታስሮ ሳለ፣ ጠላት የያዘውን እርሻ ገዛ። በገበያ ሰው ዓይን ያ እርሻ ምንም አያወጣም ነበር። ነቢዩ ግን ዋጋውን በምስክር ፊት በሚዛን መዝኖ፣ የውሉን ጽሕፈት በሸክላ ዕቃ አኑሮ፣ በዚያች ምድር እንደ ገና ቤትና እርሻ እንደሚገዛ ተስፋውን አሳየ። ዳዊትም ኦርና በነጻ ሊሰጠው ሲለምነው፣ ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ላለማቅረብ ሲል እምቢ አለ። እንግዲህ በአንዱ ዋጋ የሌላው ሰው ችግር ተመዘነ፤ በሌላው ተስፋ ተመዘነ፤ በሌላው የእግዚአብሔር ክብር ተመዘነ። ብሩ አንድ ሲሆን ልብ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ሕግ የሚገኘው በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ነው። እግዚአብሔር ለእስራኤል ምድሪቱ የእርሱ መሆኗን፣ እነርሱም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸውን ነግሮ፣ ለዘላለም እንዳትሸጥ ከለከለ። ቢሆንም የቸገረው ሰው እስከ ኢዮቤልዩ ድረስ መሬቱን አሳልፎ እንዲሰጥ ፈቀደለት። ዋጋውም የሚቈረጠው በቀሩት ዓመታት ቍጥር ነው፤ ዓመቱ ሲበዛ ዋጋው ይበዛል፤ ሲያንስ ያንሳል። የሚሸጠው አፈሩ ሳይሆን መከሩ ነውና። ቀጥሎም አንዱ ሌላውን እንዳያታልል ያዝዛል። እንዲሁም በ27ኛው ምዕራፍ ለእግዚአብሔር የተሳለ እርሻ የሚገመተው በሚዘራበት የዘር መጠን እንደ ሆነ ተጽፏል። የእኛም ገበሬ መሬቱን በጥማድ የሚለካው፣ ይኸውም አንድ ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው መጠን፣ በአንድ ዓይነት ማስተዋል ነው፤ መሬት የሚለካው በድካምና በፍሬ እንጂ በባዶ ስፋት አይደለም።

በዚህ ሕግ ውስጥ ሳንመለከተው የምናልፈው አንድ ልዩነት ደግሞ አለ። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ የተሸጠ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠ ለገዢው ለዘላለም ይጸናል፤ በገጠር ያለው ቤት ግን እንደ እርሻው ተቈጥሮ በኢዮቤልዩ ይመለሳል። ስለዚህ ኦሪት ራሷ ከተማንና ገጠርን በአንድ ሚዛን አልመዘነችም። ለከተማ ሰው ቤቱ ሀብቱ ነው፤ ለገበሬ ግን እርሻው ሕይወቱ ነው፤ ልጆቹ የሚበሉበት፣ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የዋጋ መለያየት በራሱ ኀጢአት አለመሆኑን ነው። እግዚአብሔር የከለከለው መለያየቱን ሳይሆን፣ በመለያየቱ አሳብቦ ወንድምን ከርስቱ መንቀልን ነው።

በአገራችንም ይህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። በሰሜን ርስት የትውልድ ነበር፤ ከአንድ አቅኚ አባት የተወለዱ ሁሉ ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፤ ለባዕድ መሸጥም እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። በርስትና በሚስት ዋዛ የለም የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቢሆንም መሬት ፈጽሞ አይሸጥም ነበር ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው። በጎንደር ዘመን የተደረጉ የመሬት ሽያጮች በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከነዋጋቸውና ከነምስክሮቻቸው ተጽፈው እስከ ዛሬ ይገኛሉ። አባቶቻችን ይህን ውል በቅዱስ መጽሐፍ ኅዳግ ማስፈራቸው፣ የመሬት ውል በእግዚአብሔር ፊት የሚደረግ መሆኑን ስላመኑ ነው።

በደቡብና በምሥራቅ ግን ሌላ ሥርዓት ቆመ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬቱ በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተከፈለ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ነው። በቀላድ የተለካ መሬት እንደ ሰሜኑ ርስት በትውልድ ሐረግ ስላልታሰረ ሊሸጥና ሊለወጥ ቻለ። መንግሥትም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከስደት መልስ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በሦስት መድቦ፣ ለአንድ ጋሻ በየተራው 15፣ 10ና 5 ብር የመሬት ግብር ቈረጠ፤ ዐሥራቱም ከዚህ ሌላ ነበር። በዚህ ዐይነት በአንድ መንግሥት ሥር አንዱ ገበሬ የማይሸጥ ርስት ያለው፣ ሌላው በሚሸጥ መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ሆነ። መሬቱ በተሸጠ ጊዜ ጭሰኛው አልተጠየቀም፤ ከዋጋውም ድርሻ አልነበረውም።

የዋጋ መጨመር ለማን በረከት፣ ለማን መርገም እንደሚሆን በአርሲ በጭላሎ የታየው ነገር ያስተምራል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በዚያ የእርሻ ልማት ሥራ ተጀመረ። ማዳበሪያና የተሻለ ዘር መጣ፤ መንገድ ተሠራ፤ የስንዴው ምርት ጨመረ። የሥራው ዓላማ ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። መሬቱ ውድ በሆነ ጊዜ ግን ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር አስመጥተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ በዚያ የኖሩት ጭሰኞች ተነቀሉ። ለድኻው የታሰበ በጎነት የመሬቱን ዋጋ ከፍ ስላደረገ ድኻውን ከመሬቱ አስወጣው። በዚያው ዘመን ነቢዩ ኢሳይያስ እርሻን ከእርሻ ጋር እያጋጠሙ ለሌላው ስፍራ ስለሚያሳጡ ሰዎች የተናገረው ወዮታ በአብያተ ክርስቲያናት ይነበብ ነበር። ስንቶቻችን ሰማነው?

እዚህ ላይ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ራሳችንን ነጻ ማውጣት አንችልም። ቤተ ክርስቲያንም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሰፊ መሬት ነበራት። ከዚያ በሚገኘው ገቢ ቅዳሴው ተቀደሰ፤ የቅኔውና የመጻሕፍቱ ጉባኤ ቆመ፤ ድኻውም ተመገበ፤ ይህ እውነት ነው። በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰው ሰው ግን ከሌላው ባለመሬት ጭሰኛ ይልቅ ቀሎለት ነበርን ብለን ብንጠይቅ፣ በየስፍራው የሚገኘው መልስ ሁሉ የሚያኰራን አይሆንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሽያጩም ተከለከለ፤ የቤተ ክርስቲያንም መሬት ተወሰደ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። ስለ እነዚህ ሕጎች መልካምነት ወይም ጕድለት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኛ የምንጠይቀው፣ ሕጉ መሸጥን ከከለከለ በኋላ የቀረው ጥያቄ የት ገባ ብለን ነው።

ጥያቄው አልጠፋም፤ ስሙን ብቻ ለወጠ። ዛሬ የሚሰጠው ልክ እንደ ኦሪቱ አፈሩ ሳይሆን የመከሩ ቍጥር ነው። ኪራይ አለ፤ የእኩልና የሢሶ እርሻ አለ፤ ገንዘብ ያበደረ ሰው ብድሩ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ የሚበላበት ወለድ አገድም አለ። የኪራዩም ዘመን ከክልል ክልል ሲለያይ ቆይቷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል አዋጅ እስከ 25 ዓመት ለማከራየት ፈቅዶ ሳለ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ከይዞታው እኩሌታውን ብቻ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ መንገድ ለሚያርስ እስከ 15 ዓመት እንዲሆን ወስኖ ነበር። በእነዚያ አዋጆች ጊዜ በአንዱ ክልል ያለው ገበሬ የአንድ ትውልድ መከር አሳልፎ ለመስጠት ሲችል፣ ከወሰን ማዶ ያለው ጎረቤቱ የጥቂት ዓመት መከር ብቻ ይሰጥ ነበር። ሕጉ ሰፊ በሆነበት ስፍራ የሕሊና ጥንቃቄም ሊሰፋ ይገባዋል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ጥማድ መሬት አላት እንበል። መሬቱ በዓመት 6 ኩንታል ይሰጣል፤ የእኩል ብትሰጠው 3 ኩንታል ይደርሳታል። ልጇ ታመመና ለሕክምና ገንዘብ ቸገራት። አንድ ሰው ከሌላ አገር መጥቶ የ8 ኩንታል ዋጋ ቈጥሮ ሰጣትና መሬቱን ለ10 ዓመት ያዘ። እርስዋ ግን በ10 ዓመት 30 ኩንታል ታገኝ ነበር። ገንዘቡን አስቀድሞ መክፈሉ፣ ድርቅም ሊመጣ መቻሉ ታስቦ ከ30ው ጥቂት ቢቀነስ ፍትሕ ነው፤ 30ው 8 ሲሆን ግን ምን እንበለው? ሰውየውም በመጣበት አገር እንዲህ ያለ መሬት በሦስት እጥፍ እንደሚከራይ ያውቃል፤ እርስዋ አታውቅም። ካህኑም «ተስማምታችኋልን?» ብሎ ጠየቀ። «አዎን» አሉ።

ሰውየው ሲወቀስ የሚያቀርበው ምክንያት ይህ ነው፦ «ነጋዴ ከርካሽ አገር ገዝቶ በውድ አገር ይሸጣል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። እኔስ ምን አጠፋሁ?» ይህ ክርክር በመጀመሪያ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን እህልና መሬት አንድ አይደሉም። እህል የሚነግድ ሰው ከጠገበው አገር አንሥቶ ወደ ራበው አገር ያደርሳል፤ ይጭናል፤ ይጓዛል፤ ለኪሳራም ይጋለጣል። ትርፉ የዚህ አገልግሎት ደመወዝ ነው። መሬት ግን አይጫንም፤ አይጓዝም፤ ከተፈጠረበት ስፍራ አይነቃነቅም። በሁለት አገሮች የመሬት ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚበላ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገረው ምንም ነገር የለም። የገዛው የሴቲቱን አለማወቅና የሴቲቱን ጭንቀት ነው። አለማወቅን መግዛት ደግሞ ንግድ አይባልም።

«ተስማምታለች» የሚለውስ? ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በጠየቀ ጊዜ በመጀመሪያ ክፉ ቃል አልተናገረም። የሚሻል የወይን ቦታ ወይም የዋጋውን ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ገባ (1ኛ ነገ. 21)። በዛሬ ሚዛን ይህ መልካም ዋጋ ነው። የነገሩ ክፋት የተገለጠው ናቡቴ እምቢ ባለ ጊዜ ነው፤ እምቢታው ደሙን አስከፈለውና። ስለዚህ የአንድ ውል ቅንነት የሚታወቀው «እሺ» በሚለው ቃል ብቻ ሳይሆን፣ «እምቢ» ለማለት በሚቻልበት ነጻነትም ነው። እምቢ ብትል ልጇ የሚሞትባት ሴት የሰጠችው «እሺ» የፈቃድ ቃል ሳይሆን የጭንቅ ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቀን ይችላል፦ «ዮሴፍስ በረኃብ ዘመን የግብፅን ምድር ሁሉ ለፈርዖን አልገዛምን? ይህን ጻድቅ ታወግዙታላችሁን?» ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። በኦሪት ዘፍጥረት በ47ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ዮሴፍ ምድሪቱን ከገዛ በኋላ ለሕዝቡ ዘር ሰጣቸው፤ በመሬቱም ላይ አርሰው ከፍሬው አምስተኛውን ለፈርዖን እንዲሰጡ፣ አራቱ እጅ ግን ለዘርና ለምግብ ለእነርሱ እንዲሆን ሥርዓት አቆመ። ስሙ ተለወጠ እንጂ እጃቸው ከእርሻቸው አልተለየም። አሁን ነህምያን ተመልከቱ። በእርሱ ዘመን ባለጸጎች ለተራቡ ወንድሞቻቸው እያበደሩ እርሻቸውን፣ ወይናቸውን፣ ቤታቸውንም በመያዣ ወሰዱ፤ ልጆቻቸው እስከ ባርነት ደረሱ። ነህምያም ተቈጥቶ ጉባኤ ሰበሰበ፤ እርሻውንም ወለዱንም እንዲመልሱ ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። እርሱ ራሱ ገዥ ሳለ እርሻ እንዳልገዛ ጽፎልናል (ነህ. 5)። ከሁለቱ ታሪኮች አንድ መመርመሪያ እናገኛለን። ውሉ ከተፈጸመ በኋላ የተቸገረው ሰው በእግሩ ሊቆም ይችላልን? ዘርና እንጀራ ቀርቶለታልን? ከቀረለት ረድኤት ነው፤ ካልቀረለት ግን ውሉ በሺሕ ምስክር ቢታተም ቅሚያ ነው።

ከገጠሩ ኪራይ ሌላ በከተሞች ዳርቻ የሚታየው ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ከተማ ሲሰፋ ትናንት ጤፍ የተዘራበት መሬት ነገ የቤት መሥሪያ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለተነሣው ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ብዜቱን ወደ 15 አሳደገው። ይህ ስሌት መሬቱን የሚቈጥረው በእህል ነው። ከተማው ግን ያንኑ መሬት በሊዝ የሚሰጠው በካሬ ሜትር ነው። አንዱ አፈር በአንድ ቀን ሁለት ዋጋ አለው፤ ዝቅተኛው ለሚወጣው፣ ከፍተኛው ለሚገባው ተቈርጧል። ከዚህ የተነሣ ስንት እንባ እንደ ፈሰሰ፣ ስንት ሽማግሌ ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ እንደሚያድር ንስሐ አባቶች ያውቃሉ።

ይህንም ስንናገር ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ አንቀስር። ቤተ ክርስቲያንም በአዲስ መንደር መቅደስ ለመሥራት ቦታ ትፈልጋለች፤ ይህም ተገቢ ነው። ቢሆንም ቦታው ከማን እጅ እንደ ወጣ፣ የወጣውም ሰው ዛሬ የት እንዳለ ጠይቀን እናውቃለንን? ዳዊት ለመሠዊያ የሚሆነውን አውድማ በነጻ አልቀበልም ያለው፣ በሌላ ሰው ኪሳራ የሚቀርብ መሥዋዕት መሥዋዕት አለመሆኑን ስላወቀ ነው። መሬቱን ለመንግሥት አስረክቦ ተቸግሮ የሚኖር ገበሬ በአጥቢያው ካለ፣ ምጽዋቱ ከእርሱ ቤት ይጀምር፤ ልጆቹም በሰንበት ትምህርት ቤቱና በበጎ አድራጎቱ አስቀድመው ይታሰቡ።

እንግዲህ ካህንም ምእመንም ሊያደርጉት የሚገባውን በአጭር ቃል እንናገር። አንደኛ፣ ለመሬት ውል ምስክር የሚሆን ካህን «ተስማምታችኋልን?» ከማለቱ በፊት «በስንት ዓመት? በስንት መከር? ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቍጥሩንም በሁለቱ ፊት ራሱ ያስላ። ማስላት ከክህነቱ ክብር አያጐድልበትም፤ ሙሴም አስልቷልና። ሁለተኛ፣ የሌላውን አገር ዋጋ የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ወንድሙ ይንገረው፤ ነግሮት ካተረፈ ትርፉ ንጹሕ ነው፤ ደብቆ ካተረፈ ግን ከመሠዊያው ፊት አያቅርበው። ሦስተኛ፣ በወለድ አገድ መሬት የያዘ ክርስቲያን የበላውን መከር ከብድሩ ጋር ያስተያይ፤ መከሩ ብድሩን ያህል በሆነ ጊዜ፣ ውሉ ባያዝዘው እንኳ መሬቱን ይመልስ፤ ይህም የእርሱ ኢዮቤልዩ ይሁንለት። አራተኛ፣ ለችግር ቀን የሚሆን እህልና ገንዘብ በሰንበቴና በማኅበር አስቀድመን እናከማች። ባለመሬትዋ ሴት በ8 ኩንታል የ10 ዓመት እንጀራዋን አሳልፋ የሰጠችው፣ በዚያ ሳምንት የሚያበድራት አንድ ማኅበርተኛ ስላጣች ነው። ባለገንዘቡ የወሰደባት መሬት ቢሆንም፣ በሩን የከፈትንለት እኛ ነን።

የመሬት ዋጋ በአንዱ አገር ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ዝናሙና መንገዱ፣ ገበያውና ሕጉ እስከ ተለያዩ ድረስ ይህ ይኖራል። የሰው ዋጋ ግን ከአገር አገር አይለያይም። በሩቅ ቈላ ያለው ገበሬም በከተማ ዳር ያለውም በአንድ ደም ተገዝተዋል። በዚህ ዓለም የመሬት ውል ስንፈርም ይህን ሁለተኛውን ዋጋ ካሰብን፣ የመጀመሪያውን ለመተመን አንቸገርም። አብርሃም የተስፋይቱን ምድር ሁሉ ለዘሩ እንደሚሰጠው ቃል ተገብቶለት ሳለ፣ በዘመኑ በግዢ የያዛት እርሻ የመቃብር ስፍራ ብቻ ነበረች። እኛም ምንም ያህል ጋሻ ወይም ጥማድ ብንቈጥር፣ በመጨረሻ የምንይዘው ስፋት ከእርሱ አይበልጥም፤ በዚያ ቀን የምንጠየቀውም በስንት ያዝህ ተብለን ብቻ ሳይሆን ከማን እጅ፣ በምንስ ጊዜ ያዝህ ተብለን ነው።

የድኻውን ወሰን የሚጠብቅ አምላክ ለሁላችንም ቅን ሚዛንን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።